ሜርኩሪ በባሕር አጥቢዎች አካል፦ ከየት መጣ? ማንን ጎዳ?

በጃፓን ገበያ ለምግብነት ከቀረበ የጥርሳም ዓሣ ነባሪ ጉበት ውስጥ በአንድ ግራም ወደ 2,000 ማይክሮግራም የሚጠጋ ሜርኩሪ ተለክቷል። የአገሪቱ መንግሥት በ1973 ለዓሣ ያወጣው ጊዜያዊ ገደብ በግራም 0.4 ማይክሮግራም ነው። ልዩነቱ አምስት ሺህ እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። የሰው አካል ከዚህ እጅግ ያነሰ ሜርኩሪ እንኳ አይችልም። ያ እንስሳ ግን ይህን ሁሉ በጉበቱ ተሸክሞ ዓመታት ኖሯል፤ እያደነ በልቷል፤ ከመንጋው ጋር ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ዋኝቷል።

በባሕር አጥቢዎች አካል ስለሚከማቸው ሜርኩሪ ወይም ባዜቃ ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀው ክርክር የሚያጠነጥነው በዚህ እንቆቅልሽ ዙሪያ ነው። ክርክሩ የረዘመው መረጃ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እየተደባለቁ ስለሚቀርቡም ነው። አንደኛው የምንጭ ጥያቄ ነው፦ ሜርኩሪው ከተፈጥሮ የመጣ ነው ወይስ ሰው የለቀቀው? ሁለተኛው የመልክ ጥያቄ ነው፦ የተለካው ሜርኩሪ በየትኛው ኬሚካዊ መልኩ ይገኛል? ሦስተኛው የጉዳት ጥያቄ ነው፦ የሚጎዳው እንስሳው ራሱ ነው፣ ጽንሱ ነው፣ ዝርያው ነው ወይስ ሥጋውን የሚበላው ሰው? ለአንዱ የተሰጠው መልስ ለሌላው ሲወሰድ፣ ወይ ያለ ልክ መሸበር ወይ ያለ ልክ መዘናጋት ይከተላል። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ለያይቶ፣ በየአንዳንዳቸው የተረጋገጠውንና ገና ያልተቋጨውን ለማሳየት ይሞክራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥያቄው አነሣሥ

ታሪኩ የሚጀምረው ከዱር እንስሳት ሳይሆን ከሰው ነው። በ1956 በጃፓን ኪዩሹ ደሴት በምትገኘው ሚናማታ ከተማ እጅና እግር የሚያንቀጠቅጥ፣ እይታን የሚያጠብና አንደበትን የሚያስር በሽታ በይፋ ታወቀ። ከሰዎቹ ቀድመው የዓሣ አጥማጆቹ ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ሲሞቱ ታይተው ነበር። መንስኤው ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ አሴታልዲሃይድ ሲያመርት ከ1932 እስከ 1968 ወደ ባሕሩ የለቀቀው ሜቲል ሜርኩሪ የተባለው የሜርኩሪ ውሁድ ነው። ሚናማታ ያስተማረችው ሦስት ነገር ነው። ባሕር የጣሉበትን መርዝ ሁሉ አሳስቶ አያጠፋም። የሜርኩሪ አደጋ በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በመልኩም ይወሰናል። እናት ቀላል ምልክት ብቻ እያሳየች፣ የተሸከመችው ጽንስ ግን አንጎሉ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ሚናማታን የፋብሪካ ብክለት ብቻ አድርጎ ማየት ይቻል ነበር። ይህን እይታ የቀየሩት የስዊድን ተመራማሪዎች ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በአብዛኛው ሜቲል ሜርኩሪ መሆኑን አሳዩ። በ1969 ደግሞ ጄንሰንና የርኔሎቭ በውኃ ሥር ደለል የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ተራውን ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ እንደሚለውጡት አረጋገጡ። ስለዚህ መርዙን በዚያ መልኩ የሚለቅ ፋብሪካ በአካባቢው ባይኖርም ተፈጥሮ ራሷ ታዘጋጀዋለች ማለት ነው። ለዚህ ለውጥ የሚያስፈልጉት ሁለት የባክቴሪያ ጂኖች ተለይተው የታወቁት ግን በ2013 ነው።

በ1970 በአሜሪካ የታሸገ ቱና ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቶ ምርቱ ከገበያ ሲሰበሰብ ጉዳዩ ከሐይቅና ከወንዝ አልፎ ወደ ውቅያኖስ ተሸጋገረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመጀመሪያው መከራከሪያ ቀረበ። በሙዚየም ተጠብቀው የቆዩ፣ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የተያዙ ቱናዎች ሲመረመሩ የሜርኩሪ መጠናቸው በዘመኑ ከሚያዙት ብዙም አልተለየም። የውቅያኖስ ዓሣ ሜርኩሪ ከጥንትም የነበረ ነው የሚለው አቋም ከዚህ ተነሣ። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች የአቆስጣና የዶልፊን ጉበት መመርመር ጀመሩ፤ ያገኙት መጠንም ቱናን በመቶ እጥፍ የሚያስከነዳ ሆነ።

ከውኃ ወደ ሥጋ

ሜርኩሪ ውቅያኖስን በአብዛኛው የሚያገኘው በአየር በኩል ነው። በጋዝ መልኩ በከባቢ አየር ውስጥ ወራትን እየቆየ ዓለምን ይዞራል፤ በኋላም ኬሚካዊ ለውጥ አድርጎ ከዝናብና ከአቧራ ጋር ይወርዳል። በአርክቲክ ደግሞ በ1995 በካናዳዋ አለርት ጣቢያ የተስተዋለ የተለየ ክስተት አለ። በፀደይ ወራት ፀሐይ ስትመለስ በአየሩ ያለው ሜርኩሪ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ተመንጥሮ በበረዶው ላይ ይወርዳል፤ ከፊሉም ተመልሶ ይተናል።

ወደ ሜቲል ሜርኩሪ መለወጡ በአመዛኙ የሚካሄደው ኦክስጅን በሚያንስበት መካከለኛ ጥልቀት ነው። በ2013 በሃዋይ አካባቢ በሚያዙ ዓሦች ላይ የተደረገ የአይሶቶፕ ጥናት በሰሜን ፓስፊክ ከሚገኘው ሜቲል ሜርኩሪ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ከላይኛው የውኃ ንጣፍ በታች እንደሚሠራ አመለከተ። በጥልቀት የሚያድኑ እንስሳት ብዙ የሚሸከሙትም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በውኃው ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ፕላንክተን ከውኃው ይወስደዋል፤ ትንሹ ዓሣ ፕላንክተኑን፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ በየደረጃው ከሚገባው የሚወጣው ያንሳል። ዶልፊን ዘንድ ሲደርስ መጠኑ ከውኃው በሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ ሦስት ልዩነቶችን ማስተዋል ያሻል።

የመጀመሪያው የአመጋገብ ነው። እንደ ስፐርም ዌል፣ ናርዋልና ቤሉጋ ያሉት ጥርሳም ዓሣ ነባሪዎች ዓሣና ስኩዊድ ስለሚበሉ ብዙ ያከማቻሉ። ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን በወንፊት መሰል አፋቸው አጥልለው የሚመገቡት ግዙፎቹ ዓሣ ነባሪዎች፣ አካላቸው እጅግ ቢገዝፍም፣ ያላቸው ሜርኩሪ ዝቅተኛ ነው። በቀይ ባሕር ጭምር የሚኖረው ዱጎንግ የባሕር ሣር በመብላቱ ከሁሉም ዝቅ ካሉት ይመደባል። ሁለተኛው የማስወገጃ መንገድ ነው። አቆስጣና የዋልታ ድብ በየዓመቱ በሚያረግፉት ጠጉር ሜቲል ሜርኩሪን ያስወግዳሉ። በካሊፎርኒያ የአኞ ኑዌቮ ዳርቻ የዝሆን አቆስጣዎች ጠጉር በሚያረግፉበት ወቅት በአካባቢው ባሕር ውስጥ ያለው ሜቲል ሜርኩሪ ጎልቶ እንደሚጨምር በ2015 ታትሞ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጠጉር የሌላቸው ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ግን ይህ በር ተዘግቶባቸዋል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ አሮጌው ከወጣቱ፣ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ዝርያ አጭር ከሚኖረው ይበልጥ ይሸከማል። ስለዚህ የሁለት ባሕሮችን ዶልፊኖች ዕድሜያቸውን ሳያዩ ማነጻጸር ብዙ ጊዜ የተሠራ፣ ብዙ ጊዜም ያሳሳተ ስሌት ነው።

ከተፈጥሮ ወይስ ከሰው?

የሙዚየሙ ቱና ያስነሣው አቋም ለዓመታት ክብደት ነበረው። እሳተ ገሞራም ሆነ የመሬት ዐለት ሜርኩሪን ይለቃሉ፤ ባሕሩም ግዙፍ ነው፤ ሰው የሚጨምረው ጥቂት ነገር ምን ሊለውጥ ይችላል? የሚል ነው። መልስ የመጣው ከእንስሳቱ ከራሳቸው ነው። ጥርስ፣ ጠጉርና ላባ የሜርኩሪን መጠን ለዘመናት ይዘው ይቆያሉ። ከካናዳ ቦፎርት ባሕር ዳርቻ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ከነበሩ የሰፈራ ቦታዎች የተቆፈሩ የቤሉጋ ጥርሶች በ1993 ከተያዙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የኋለኞቹ ሜርኩሪ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። እንዲህ ያሉ መረጃዎችን በ2009 ያሰባሰበ ግምገማ፣ ዛሬ በአርክቲክ ከፍተኛ አዳኞች አካል ካለው ሜርኩሪ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሰው የለቀቀው ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። በ2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የውቅያኖስ ልኬት ደግሞ በላይኛው የባሕር ንጣፍ ያለው ሜርኩሪ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በሦስት እጥፍ ያህል መጨመሩን ገመተ።

በአንጻሩ የሜዲትራኒያን ባሕር የተፈጥሮን ድርሻ የሚያስታውስ ጉዳይ ነው። በዚህ ባሕር የሚኖሩ ባለ መስመር ዶልፊኖች በአትላንቲክ ካሉት ዘመዶቻቸው የበለጠ ሜርኩሪ በጉበታቸው ተገኝቶባቸዋል። የመጀመሪያው ማብራሪያ የመሬቱን ይዘት የተመለከተ ነበር። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ከተጠቀመበት ሜርኩሪ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያስገኘው የስፔኑ አልማደን፣ የስሎቬኒያው ኢድሪያና የጣሊያኑ ሞንቴ አሚያታ ማዕድናት ሁሉ በዚህ ባሕር ዙሪያ ናቸው። ሆኖም የባሕሩ ውኃ ሲለካ ሜርኩሪው ከአትላንቲክ ብዙም አልበለጠም። በዚህ የተነሣ ሁለተኛው ማብራሪያ ሚዛን እየደፋ መጥቷል፦ ሜዲትራኒያን ምግብ ያነሰበት ባሕር በመሆኑ ዓሦቹ ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ በትንሽ ሥጋ ላይ ብዙ ሜርኩሪ ያከማቻሉ፤ መካከለኛው ጥልቀቱም ሜቲል ሜርኩሪ ለማምረት የተመቸ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የሜርኩሪው ብዛት ሳይሆን የባሕሩ ሥነ ሕይወት ነው ማለት ነው።

ሁለቱን አቋሞች የሚያስታርቀው የጊዜን ርዝመት መለየት ነው። በምዕተ ዓመታት ሲታይ ጭማሪው የሰው ሥራ መሆኑ ከሞላ ጎደል ተቋጭቷል። በዐሥርት ዓመታት ሲታይ ግን በአየር የሚለቀቀውና በእንስሳቱ አካል የሚገኘው መጠን ጎን ለጎን አይሄዱም። የቦፎርት ባሕር ቤሉጋዎች ሜርኩሪ በ1990ዎቹ ጣሪያ ነክቶ ቀንሷል፤ በእነዚያ ዓመታት በእስያ የሚለቀቀው ግን እየጨመረ ነበር። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ የተገኙ 10 የናርዋል ረጃጅም ጥርሶችን እንደ ዛፍ ዕድሜ በየንጣፋቸው አንብቦ ከ1962 እስከ 2010 ያለውን ታሪክ አወጣ። ከ1990 ገደማ በኋላ ናርዋሎቹ ከበረዶ ጋር ከተቆራኘ ምግብ ወደ ክፍት ባሕር ምግብ ዞረዋል፤ ይህ ሜርኩሪያቸውን መቀነስ ነበረበት። ከ2000 በኋላ ግን ጭማሪው ፈጠነ። ድርሻው የልቀቱ ነው ወይስ የበረዶው መቅለጥ በባሕሩ ኬሚስትሪ ላይ ያመጣው ለውጥ? ይህ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው።

ሴሌኒየም፦ መከላከያውና ዋጋው

አሁን ወደ መነሻው እንቆቅልሽ እንመለስ፤ ያን ያህል ሜርኩሪ የተሸከመ እንስሳ እንዴት ይኖራል? የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከፕራግ ነው። በ1967 ፓርዢዜክና ኦሽታዳሎቫ ለአይጦች ሜርኩሪ ሲሰጡ ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር አብረው ቢሰጧቸው አይጦቹ ከመመረዝ እንደሚተርፉ አሳዩ። በ1973 የሆላንዱ ኩማንና ባልደረቦቹ የባሕር አጥቢዎችን ጉበት መርምረው የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። ሜርኩሪ በጨመረ ቁጥር ሴሌኒየም አብሮ ይጨምራል፤ ጥምርታቸውም በአቶም ቁጥር አንድ ለአንድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980 ማርቶጃና ባልደረቦች በዓሣ ነባሪ ጉበት ውስጥ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶችን ለዩ። እነርሱም በመሬት ውስጥ ቲማናይት ተብሎ የሚታወቀው የሜርኩሪና የሴሌኒየም ውሁድ ሆነው ተገኙ።

ትርጓሜው ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አለው። እንስሳው ሜቲል ሜርኩሪን ከምግቡ ይወስዳል፤ አካሉ ያፈርሰዋል፤ የተረፈውን ሜርኩሪ ከሴሌኒየም ጋር አጣምሮ በማይሟሟ ድንጋይ መልክ በጉበቱ ያስቀምጠዋል። በአንድ የጎለመሰ ዶልፊን ጉበት ካለው ጠቅላላ ሜርኩሪ ሜቲል ሜርኩሪው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ግን አብዛኛው ሜቲል ሜርኩሪ ነው። ስለዚህ በጉበት የሚለካው ያ አስደንጋጭ ቁጥር የዕድሜ ልክ መከላከል የተወው ክምችት እንጂ ዛሬ እንስሳውን እየመረዘ ያለ መጠን አይደለም። ይህን ሳይለዩ የጉበትን ቁጥር ብቻ ይዞ «እንስሳቱ ተመርዘው አልቀዋል» ማለት ሳይንሱ የማይደግፈው ነገር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሴሌኒየም አለና ችግር የለም» ማለትም እንዲሁ አይደገፍም። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሴሌኒየም ነጻ ስጦታ አይደለም። አንጎልንና ሌሎች የአካል ክፍሎችን ከጉዳት የሚጠብቁ ኤንዛይሞች የሚሠሩት በእርሱ ነው። አሜሪካዊው ኒኮላስ ራልስተንና ሌሎች የሜርኩሪ መርዛማነት ዋና መንገዱ ሴሌኒየምን ከእነዚህ ኤንዛይሞች መንጠቁ ነው ብለው ይከራከራሉ። የቅርብ ዓመታት የኤክስሬይ ምርመራዎችም ድንጋዩ ከመፈጠሩ በፊት አንድ የሜርኩሪ አቶም ከአራት የሴሌኒየም አቶሞች ጋር ተጣብቆ እንደሚገኝ አሳይተዋል። የመጨረሻው ጥምርታ አንድ ለአንድ ቢሆንም፣ በመንገድ ላይ የሚታሰረው ሴሌኒየም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ፦ ብዙ ጥናቶች በጉበት ያለውን ጠቅላላ ሴሌኒየም ቆጥረው «በቂ ነው» ይላሉ፤ በድንጋዩ ውስጥ የታሰረው ግን ለኤንዛይሞቹ አይደርስም።

ሁለተኛ፣ መከላከያው በሁሉም ዕድሜና በሁሉም የአካል ክፍል እኩል አይሠራም። ሜቲል ሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንስ ይሻገራል፤ ሜርኩሪን አፍርሶ የማሰር አቅም ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። በ2012 በስኮትላንድ ፋይፍ ዳርቻ ላይ በጅምላ ወጥተው የሞቱ ፓይለት ዓሣ ነባሪዎች ሲመረመሩ የሜርኩሪና የሴሌኒየም ቅንጣቶች በአንጎላቸው ውስጥም ተገኝተዋል፤ የአንጎላቸው ሜርኩሪም ከዕድሜ ጋር ጨምሯል። ይህ አንጎልም ራሱን ለመከላከል እንደሚሞክር ያሳያል፤ መርዙ እዚያ ድረስ እንደሚገባም ያረጋግጣል። ሦስተኛ፣ ሜቲል ሜርኩሪን የሚያፈርሰው ነገር በአጥቢዎች ውስጥ በትክክል ምን እንደሆነ አልታወቀም። በባክቴሪያ ዘንድ ይህን የሚሠራ ኤንዛይም ይታወቃል፤ በአጥቢዎች ግን ተመሳሳዩ አልተገኘም። መንገዱ የማይታወቅ መከላከያ አቅሙ የት ላይ እንደሚያልቅ መናገር አይቻልም።

ጉዳቱ ታይቷል ወይ?

የጉዳት ማስረጃዎች በጥንካሬያቸው ይለያያሉ፤ እንደየደረጃቸው ማየት ይበጃል። ከሁሉ የጠነከረው ሙከራ ነው፤ እርሱም አንድ ነው ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ በካናዳ ለሃርፕ አቆስጣዎች ሜቲል ሜርኩሪ ከምግብ ጋር ተሰጣቸው፤ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት አራት ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ ዝቅተኛውን የወሰዱት የምግብ ፍላጎታቸው ቀንሶ ከሱ። ይህ እነዚህ እንስሳት ከሜርኩሪ የተጠበቁ አለመሆናቸውን አሳይቷል፤ የተሰጣቸው መጠን ግን በዱር ከሚያገኙት እጅግ ይበልጥ ነበር። በዓሣ ነባሪዎች ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ አልተደረገም፤ መደረግም የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞቱ እንስሳት ምርመራ ነው። በ1993 በፍሎሪዳ ዳርቻ ሞተው በተገኙ ዶልፊኖች ላይ የተሠራ ጥናት በጉበታቸው በግራም ከ60 ማይክሮግራም በላይ ሜርኩሪ የተገኘባቸው የጉበት መታወክ ምልክት እንደነበራቸው ዘገበ። ከዚያ በፊት በ1984 ዋግማንና ሙይር የአጥቢዎች ጉበት የሚችለውን ጣሪያ በግራም ከ100 እስከ 400 ማይክሮግራም ብለው ገምተው ነበር። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እስከ ዛሬ እየተደጋገሙ ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም ግን የሚለኩት ጠቅላላውን ሜርኩሪ እንጂ መልኩን አይደለም። በ2001 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ዳርቻዎች በተላላፊ በሽታ የሞቱ ፖርፖይዝ የተባሉ የዶልፊን ዘመዶች፣ ጤነኛ ሳሉ በመረብ ተይዘው ወይም በአደጋ ከሞቱት ይልቅ በጉበታቸው ብዙ ሜርኩሪ እንደነበራቸው ተዘገበ። ሜርኩሪው በሽታ የመከላከል አቅማቸውን አዳክሞት ይሆን? በላቦራቶሪ የአቆስጣና የቤሉጋ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ሜርኩሪ የሚያደርሰው ጉዳት ይህን ግምት ይደግፋል። ተቃራኒው ማብራሪያም ግን ቀላል አይደለም። የታመመ እንስሳ ይከሳል፤ ጉበቱ ሲያንስ በውስጡ ያለው ሜርኩሪ በግራም ሲሰላ ከፍ ይላል። ከዚህም ሌላ፣ ብዙ ሜርኩሪ ያለው እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ፒሲቢ የተባለው መርዛማ የኢንዱስትሪ ኬሚካልም በብዛት አለው። ከ1990 እስከ 1992 በሜዲትራኒያን ባለ መስመር ዶልፊኖችን የፈጀው የሞርቢሊ ቫይረስ ወረርሽኝ ሲነሣ የሁለቱን ድርሻ መለየት ያልተቻለው ለዚህ ነው።

በዝርያ ደረጃ ሲመጣ ማስረጃው ይበልጥ ይሳሳል። የአላስካ ምዕራባዊ የባሕር አንበሶች ቁጥር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ክፉኛ ቀንሷል፤ በአሉሽያን ደሴቶች ምዕራባዊ ጫፍ ከተወለዱ ግልገሎች መካከል አንዳንዶቹ ዓሣ ለሚበሉ አጥቢዎች አስጊ ከሚባለው በላይ ሜርኩሪ በጠጉራቸው ተገኝቶባቸዋል። የምግብ ለውጥና የዓሣ ማስገር ጫናም እዚያው ስላሉ ግን መንስኤውን ለይቶ መናገር አልተቻለም። በአንጻሩ የምሥራቅ ግሪንላንድ የዋልታ ድቦች በጠጉራቸው ስለሚያስወግዱ በአንጎላቸው ያለው መጠን ዝቅተኛ ነው። የአርክቲክ ክትትልና ግምገማ ፕሮግራም በ2021 ያወጣው ዳሰሳም ይህንኑ የተደባለቀ ሥዕል ያሳያል፦ አብዛኞቹ የአርክቲክ እንስሳት በዝቅተኛ ስጋት ላይ ናቸው፤ አንዳንድ የጥርሳም ዓሣ ነባሪዎችና የዋልታ ድቦች መንጋዎች ግን ስጋታቸው ከፍ ያለ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ተነሥተው ሦስት አቋሞች ይታያሉ። አንደኛው እንስሳቱ ከሜርኩሪ ጋር ለሚሊዮን ዓመታት ስለኖሩ ተላምደውታል ይላል። ሁለተኛው ጉዳቱ አለ፣ ነገር ግን በሬሳ ምርመራ የማይታይ፣ በማስታወስ፣ በማደንና በመውለድ ላይ የሚገለጥ ነው ይላል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ብቻውን ባይገድልም ከፒሲቢ፣ ከረሃብና ከተላላፊ በሽታ ጋር ተደምሮ ሚዛኑን የሚያዛባ ጫና ነው ይላል። ማስረጃው ሲመዘን ሦስተኛው ይበልጥ አሳማኝ ነው። የመጀመሪያው የሚዘነጋው እንስሳቱ የተላመዱት የዛሬውን መጠን ሳይሆን፣ በአርክቲክ ቢበዛ ከዛሬው አንድ ዐሥረኛ ያህል የነበረውን መጠን መሆኑን ነው። ሁለተኛው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እስኪለካ ድረስ ግን መላ ምት ነው።

ሥጋውን የሚበሉ ሰዎች

በሰው በኩል ማስረጃው ይጠነክራል። በፋሮ ደሴቶች ነዋሪው የፓይለት ዓሣ ነባሪ ሥጋ ይበላል። ፓል ቫይሄና ፊሊፕ ግራንዣን በ1986 እና 1987 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ሕፃናትን እየተከታተሉ ቆይተው፣ በ1997 እንዳሳወቁት በእናታቸው ማኅፀን ብዙ ሜቲል ሜርኩሪ ያገኛቸው ልጆች በሰባት ዓመታቸው በትኩረት፣ በማስታወስና በቋንቋ ፈተናዎች ዝቅ ብለው ተገኙ። በ2008 የደሴቶቹ የጤና ኃላፊዎች የፓይለት ዓሣ ነባሪ ሥጋ ለሰው ምግብነት እንዳይውል መከሩ። በሲሸልስ በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ግን ዓሣን አዘውትረው የሚበሉ እናቶች ልጆች ላይ ግልጽ ጉዳት አልታየም። ልዩነቱን አንዳንዶች በዓሣ ውስጥ ባለው ጠቃሚ ስብና ሴሌኒየም፣ ሌሎች ደግሞ የዓሣ ነባሪ ሥጋ በአንድ ጊዜ ብዙ ሜርኩሪና ፒሲቢ ስለሚያስገባ ነው ብለው ያብራሩታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2000 ሁለቱን መዝኖ የፋሮውን ለደኅንነት ገደብ መነሻ አድርጎ መረጠ።

የዓሣ ነባሪና የዶልፊን ሥጋ በሚበላባት የጃፓኗ ታይጂ በ2010 ይፋ የሆነው ምርመራ የወንዶቹ የጠጉር ሜርኩሪ በአማካይ 11፣ የሴቶቹ 6.6 ማይክሮግራም በግራም መሆኑን አሳየ፤ በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች አማካዩ 2.5 እና 1.6 ያህል ነበር። ሐኪሞቹ ግልጽ የመመረዝ ምልክት አላገኙም። ይህ የፋሮውን ግኝት አያፈርስም፤ በፋሮ የታየው በአዋቂ ሰው ላይ የሚገለጥ ሕመም ሳይሆን ጽንስ ሳሉ የተነኩ ልጆች ላይ በፈተና ብቻ የሚለይ መጓደል ነውና።

ለኢኑይት ሕዝቦች ጉዳዩ ከሁሉም ይከብዳል። አቆስጣና ቤሉጋ ለእነርሱ ምግብም ባህልም ናቸው፤ በምትካቸው ከሩቅ የሚመጣው የሱቅ ምግብ ውድ ነው፤ ለጤናም የባሰ ሊሆን ይችላል። የካናዳዋ ኑናቩት በ2012 ያወጣችው ምክር ትክክለኛው መንገድ ይመስላል። የአገሩን ምግብ በጅምላ አልከለከለችም፤ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ግን የቀለበታም አቆስጣን ጉበት እንዲተዉ መከረች። ማን፣ የትኛውን እንስሳ፣ የትኛውን የአካል ክፍል ብሎ መለየት ሕዝብን ከምግቡ ሳያጣሉ ልጆቹን ለመጠበቅ ያስችላል።

ምን ተደረገ? ምን ይቀራል?

ሜርኩሪን ለመቆጣጠር በ2013 በጃፓን ኩማሞቶ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት በነሐሴ 2017 በሥራ ላይ ውሏል። በ2015 ሰው ወደ አየር ከለቀቀው 2,200 ቶን ያህል ሜርኩሪ 38 በመቶ የሚሆነው የመጣው ከባህላዊና አነስተኛ የወርቅ ማምረቻዎች ነው፤ የድንጋይ ከሰል ማቃጠል ይከተላል። ባሕር የሌላት ኢትዮጵያም ባህላዊ የወርቅ ማምረቻዎች ስላሏት ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለችም። ወርቅን ከሜርኩሪ ለመለየት በእሳት ሲሞቅ የሚተነው ጋዝ የመጀመሪያ ተጎጂዎቹ እዚያው ያሉት አምራቾችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው፤ የቀረው ግን ድንበር ሳያግደው ወደ ባሕር ይወርዳል። የአምራቹን ሳንባና የናርዋሉን ጽንስ የሚጠብቀው እርምጃ አንድ ነው።

ያልተቋጩት ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። በሰሜኑ ዓለም ለዘመናት በረዶ ሆኖ የኖረ አፈር ብዙ ሜርኩሪ አምቋል፤ ሲቀልጥ ምን ያህሉ ወንዞችን ተከትሎ ባሕር እንደሚገባ ግምቶቹ እጅግ ይለያያሉ። ትናንት የተለቀቀው ሜርኩሪ ከባሕር ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ባሕር እየተመላለሰ ስለሚቆይ፣ ልቀቱ ዛሬ ቢቆም እንስሳቱ ዘንድ ለውጡ መቼ እንደሚታይ አልታወቀም። መረጃውም የተከማቸው በአርክቲክ፣ በሰሜን አትላንቲክ፣ በሜዲትራኒያንና በጃፓን ነው፤ በአፍሪካ ዳርቻዎች ስላሉት እንስሳት የሚታወቀው ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ ምርምሩ ከጉበት ወደ አንጎል፣ ከጠቅላላ መጠን ወደ መልክ፣ ከጎልማሳ ወደ ጽንስ ማምራት አለበት። በፍሎሪዳ ሳራሶታ ባሕረ ሰላጤ ከ1970 ጀምሮ እንደሚደረገው፣ በሕይወት ያሉ እንስሳትን በስም ለይቶ ለትውልድ መከታተል የሞተን እንስሳ በመመርመር የማይገኘውን መልስ ሊሰጥ ይችላል።

የጉዳቱ ልክ እስኪታወቅ እርምጃው ይቆይ የሚሉ አሉ። ሚናማታ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ በሽታው ከታወቀ በኋላ መርዙ ዐሥራ ሁለት ዓመት መፍሰሱን ቀጥሏል። በባሕር አጥቢዎች ዘንድ የመጨረሻው ማስረጃ ላይገኝ ይችላል፤ ሙከራው አይሠራም፣ ባሕሩ ሬሳውን ይሸሽጋል፣ መንስኤዎቹም ተደራራቢ ናቸው። የሚታወቀው ግን ለውሳኔ ይበቃል። አብዛኛው ጭማሪ ከሰው እጅ ወጥቷል፤ መከላከያቸው ሴሌኒየም ያስከፍላል፤ ጽንሳቸው ያን መከላከያ ሙሉ አድርጎ አልያዘም፤ ሥጋቸውን የሚበሉ እናቶች ልጆችም ተጎድተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሚጠይቀው ግልጽ ነው፦ ሜርኩሪን ከምንጩ መቀነስ፣ ጥናቱንም ጎን ለጎን መቀጠል፤ አንዱ የሌላው ማዘግያ ሰበብ መሆን የለበትም።